«አይቼዋለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም

በክፍት ኮድ ሥራ የምንሳተፍ ተማሪዎች ሁላችንም ኮድ ጸሐፊ መሆን እንሻለን፤ የሌላውን ኮድ ለማንበብ የሚሽቀዳደም ግን የለም። ውጤቱም የታወቀ ነው። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ የላከው ማስተካከያ ለሳምንታት ተቀምጦ ይሻግታል፤ ላኪውም ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። ከብዙ ጊዜ በኋላ መልስ ቢመጣ እንኳ «አይቼዋለሁ፤ ጥሩ ነው» ከምትል ቃል አያልፍም።

ይህች ቃል የምታስከትለውን ጉዳት ለመረዳት፥ የኢንተርኔትን ምስጢር በሚጠብቀው በኦፕን ኤስ ኤስ ኤል የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ አንድ ማስተካከያ ገባ። ኮዱ ጠያቂው «የላክሁት ይህን ያህል ነው» ያለውን ሳይለካ ያምን ስለ ነበር፥ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ የኮምፒውተሩን ትውስታ ለማንም አሳልፎ ይሰጥ ነበር። ሃርትብሊድ የተባለው ይህ ጕድለት በይፋ የታወቀው በ2014 ነው። ማስተካከያው ግን ከመግባቱ በፊት በሌላ ሰው ታይቶ ነበር! ያን ሰው ለመውቀስ አይደለም፤ ሠራተኞቹ ጥቂት፥ ሸክሙ ከባድ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ገምጋሚ ያደረገውን በግልጽ ይናገር፤ ይኸውም በየትኛው እትም ላይ እንደ ሞከረ፥ ምን ፈተና እንዳካሄደ፥ ከሁሉም በላይ ሳይመለከት የተወው ክፍል የትኛው እንደ ሆነ ነው። ያልታየው ከታወቀ ሌላው ከዚያ ይጀምራል። ሁለተኛ፥ ቅደም ተከተል ይኑረን። ለውጡ አስፈላጊ መሆኑና መንገዱ ትክክል መሆኑ ሳይመረመር ስለ ክፍት ቦታና ስለ ስም አጻጻፍ መከራከር፥ መሠረቱ የተናጋ ቤት ኖራ መቀባት ነው። ሦስተኛ፥ ግምገማ ችሮታ ሳይሆን ዕዳ ይሁን። በፖስትግሬስኪውኤል ማስተካከያ የሚልክ ሁሉ ቢያንስ የሌላ ሰው አንድ ማስተካከያ እንዲገመግም ይጠበቅበታል። በሊኑክስ ከርነልም የገመገመና የሞከረ ሰው ስሙ ከለውጡ ጋር ይመዘገባል። ክብር ካለ ኀላፊነትም አለ።

«እኛ ጀማሪዎች ነን፤ የሊቃውንትን ሥራ እንድንመረምር ማን ሾመን?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ጀማሪም ቢሆን ማስተካከያውን አስገብቶ ፕሮግራሙ መሥራቱን ማየት፥ መመሪያው ከሥራው ጋር መስማማቱን ማመሳከር፥ የተሳሳተ ግብአት ሰጥቶ መፈተን አያቅተውም። «ይህ አልገባኝም» ማለትም ነውር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚደበቀው ለአንባቢ ግልጽ ባልሆነው ቦታ ነው።

ስለዚህ ከዚህ መንፈቅ ጀምሮ አንድ ማስተካከያ ከመላካችን በፊት የሌላውን አንድ እንመርምር። ስማችንንም የምናኖረው በእጃችን በሞከርነው ላይ ብቻ ይሁን።