አንቴናውን የት እንትከለው?

በመኪናቸው ውስጥ የአማተር ራዲዮ አስገብተው፤ ድምፃቸው ከሠፈራቸው አልፎ አልሰማ ሲላቸው በራዲዮው የሚያሳብቡ ብዙዎች ናቸው። እርስዎም ገንዘብዎን ለሌላ ራዲዮ ከማውጣትዎ በፊት፤ እስቲ ከመኪናዎ ወርደው አንቴናውን ይመልከቱት። የተተከለው የት ላይ ነው?

ቆሞ የሚታየው ዘንግ የአንቴናው ግማሽ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ የመኪናው ቆርቆሮ ራሱ ነው። ስለዚህ ከሥፍራው ሁሉ የሚበልጠው የጣሪያው መካከል ነው፤ በዚያ ብረቱ ከሥሩ በዙሪያው ስለሚገኝ ድምፁ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሄዳል። በፓራፋንጎ ላይ የተሰካ እንደ ሆነ ግን ብረቱ ወደሚበዛበት ወገን ያደላል። ከኋላ ፓራውልት ላይ የታሰረውንማ የመኪናው ገላ ይጋርደዋል።

ለአማተሮች በአፍሪካና በአውሮፓ በተመደበው ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ፤ የሚያስፈልገው ዘንግ የሞገዱ ሩብ፤ ይኸውም ወደ 49 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በ7 ሜጋኸርዝ ግን ሩቡ ከ10 ሜትር ያልፋል። ይህን ተሸክሞ በድልድይ ሥር የሚያልፍ ማን ነው? ስለዚህ ዘንጉ አጥሮ ጥቅል ሽቦ ይጨመርበታል፤ ከኃይሉም ብዙው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ጥቅሉ ከግርጌው ይልቅ በዘንጉ ወገብ ላይ ቢሆን ይሻላል።

አሁን ወደሚያስጨንቀው ነገር እንምጣ፤ ትራፓኖ አንሥቶ የገዛ መኪናን ጣሪያ መብሳት! እኔም ፈርቼ ብዙ ጊዜ በማግኔት ተጠቅሜአለሁ። ማግኔት ለጊዜው መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ከሥሩ አቧራ ገብቶ ቀለሙን ፋቀብኝ። አንድ ቀንም የዛፍ ቅርንጫፍ መታውና በሽቦው ተንጠልጥሎ የኋላውን መስተዋት ሲደበድብ ሰማሁት። ጣሪያው አሉሚኒየም በሆነ መኪና ላይ ደግሞ ከቶ አይጣበቅም።

ለመብሳት ከቈረጡ፤ አስቀድመው የጣሪያውን የውስጥ ጨርቅ ዝቅ አድርገው ይዩ። በዚያ የመብራት ሽቦ ያልፋል፤ በብዙ አዳዲስ መኪናዎችም በጣሪያው ጠርዝ ከአደጋ የሚያድነው የአየር ከረጢት ተጠቅልሎ ይገኛል፤ ወደ እርሱ አይጠጉ። በቀዳዳው ዙሪያ ከውስጥ በኩል ቀለሙን ፍቀው ብረት ከብረት ያገናኙ፤ ከላይ ውሃ እንዳያስገባ ጎሚኒ ያድርጉበት። የራዲዮውን የኃይል ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ሲያመጡም ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ሽቦው መንገድ ላይ ቢላጥ መኪናውን ከቃጠሎ የሚያድነው እርሱ ነው።

በመጨረሻም ከመሬት እስከ ዘንጉ ጫፍ ያለውን ቁመት ለክተው ከመሪው ፊት ይለጥፉት። እኔ የመጀመሪያውን ዘንግ የሰበርሁት በገዛ ቤቴ በር ነው።