ቡና ስለሚጠጣበት ሰዓት

ቡና ለአገራችን የውጭ ንግድ ዋና ሀብት፥ ለቤታችንም የእንግዳ ክብር ነው። ከምናመርተውም ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ራሳችን ነን። ነገር ግን ስለ ቡናው አተካከል፥ አለቃቀምና አደራረቅ ብዙ ሲነገር፥ ከሲኒው ወዲያ በጠጪው ሰውነት ላይ ስለሚሆነው ነገር እምብዛም አይነገርም። ጤናው የጎደለ ገበሬ ማሳውን ሊያለማ ስለማይችል፥ ይህ ጉዳይ ከእርሻ ሥራ የተለየ አይደለም።

ቡና ሰውን የሚያነቃው ካፌይን በሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ይህንንም ሩንጌ የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1819 ለይቶ አወጣው። ከልክ ያለፈ ካፌይን በስፖርት ውድድር እስከ 2003 መጨረሻ ድረስ ክልክል ሆኖ መቆየቱ ኃይሉ ቀላል እንዳልሆነ ይመሰክራል። የአውሮጳ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 እንዳስታወቀው፥ ጤነኛ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊግራም፥ ነፍሰ ጡር ግን እስከ 200 ሚሊግራም ብቻ ቢወስዱ አያሠጋም። የነፍሰ ጡሯ መጠን ያነሰው ካፌይኑ ከሰውነቷ ቶሎ ስለማይወጣና ወደ ፅንሱም ስለሚያልፍ ነው።

ከመጠኑ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሰዓቱ ነው። በምሥራቅ አዲስ አበባ በጉርድ ሾላ፥ በመንገዱ ዳር ረከቦት ዘርግተው ቡና የሚያፈሉ ሴቶች አሉ፤ ሠራተኛውም ምሳውን እንደ በላ ወዲያው ሲኒውን ያነሣል። በገጠር ቤትም ይህ ልማድ የተለመደ ነው። ሆኖም በቡናና በሻይ ውስጥ ያለው፥ አፍን የሚያኮማትረው ንጥረ ነገር፥ ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘውን ብረት እየያዘ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። በ1983 በአሜሪካ የታተመ ምርመራ እንዳስረዳው፥ ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ፥ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሶታል። ከምግብ 1 ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ቡና ምንም አልቀነሰም፤ 1 ሰዓት ዘግይቶ የተጠጣው ግን ከምግቡ ጋር እንደ ተጠጣው ያህል ቀንሷል።

ብረት ያነሰው ሰው ደሙ ያንሳል፥ ጉልበቱም ይደክማል፤ ይልቁንም ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ይጎዳሉ። እንግዲህ ጤፋችንና ምስራችን ብረት እያላቸው ለሚያስፈልገው ሰው ሳይደርስ ቢቀር፥ ገበሬው በላቡ ያመረተውን ጀበናው ነጠቀው ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ ቡና ይከልከል የሚል ሰው ቢኖር አሳባችን ከእርሱ ጋር አይስማማም። በሰሜኑና በመካከለኛው አገር የነበረው ክርስቲያን ሕዝብ እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ቡናን ሲርቀው ኖሮ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጠጣቱ ተስፋፋ፤ ያ ሁሉ ነቀፋ ሳይጸና ቀረ። የሚጠቅመው ክልከላ ሳይሆን ሥርዓት ነው።

ስለዚህ በየወረዳው ያላችሁ ክቡራን ሹማምንት፥ ቡና ከምግብ 1 ሰዓት ቀድሞ ወይም ምግቡ በደንብ ከሆድ እስኪወርድ ቆይቶ እንዲጠጣ በየስብሰባውና በየጤና ጣቢያው እንድታስመክሩ ያስፈልጋል። ሠራተኛ የምታሳድሩ ባለ ይዞታዎችም ቡናን በቁርስ ፈንታ አትስጡ፤ ለምሳ ዕረፍትም የቡናውን ሰዓት ከምግቡ ለዩለት። በማዕድ ላይ ጥሬ ቃሪያና ሎሚ ቢጨመር ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል፤ ዋጋውም አይከብድም። ለሕፃናት ከሲኒው ይልቅ ወተቱ ይቅረብላቸው።

ይህ ሁሉ አዲስ በጀት ወይም አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። ሕዝብ ከአዋጅ ይልቅ የአለቃውን አርአያ ስለሚከተል፥ እያንዳንዱ ሹም አስቀድሞ በገዛ ቤቱ የረከቦቱን ሰዓት ቢያስተካክል፥ ጎረቤቱና ወረዳው መከተላቸው አይቀርም።