የንግድ ቤትን ፕሮግራም ጎን ለጎን ስለ መፈተሽ

በዛሬው ዘመን ሂሳብ የሚይዘው፣ የመጋዘን ዕቃ የሚቆጥረውና ደረሰኝ የሚያዘጋጀው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ስለ ሆነ፣ በሚገባ መፈተሹ ሠሪውን ብቻ ሳይሆን ገንዘብ ከፍሎ የሚያሠራውንም ነጋዴ የሚመለከት ጉዳይ ነው። ሠሪዎቹ አንዳች ነገር በለወጡ ቁጥር ለዚሁ የተመደበው ሰርቨር ፕሮግራሙን እንደ ገና ገንብቶ በመቶ የሚቆጠሩ ፍተሻዎችን ያለ ሰው እጅ ያካሂዳል። እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ሃድሰን ይባል የነበረው ጄንኪንስ በዚህ ሥራ የታወቀ መሣሪያ ነው።

ፍተሻዎቹ ተራ በተራ የተካሄዱ እንደ ሆነ ጊዜ ይፈጃሉ። እያንዳንዳቸው 6 ሴኮንድ የሚወስዱ 600 ፍተሻዎች አንድ ሙሉ ሰዓት ይፈልጋሉ። በአራት ተከፍለው ጎን ለጎን ሲካሄዱ ግን በ15 ደቂቃ ያልቃሉ። ሆኖም ከዚህ አስቀድሞ ሊከፋፈል የማይችል የ12 ደቂቃ ዝግጅት ያለ እንደ ሆነ ጠቅላላው 27 ደቂቃ ይሆናል፤ ሰርቨር በሰርቨር ላይ ቢጨመርም ከ12 ደቂቃ በታች ሊወርድ አይችልም። ይህን ወሰን አሜሪካዊው ጂን አምዳል በ1967 እ.ኤ.አ. አስረድቶታል።

ከጊዜው ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው። አንዱ ፍተሻ በመሞከሪያው መዝገብ ላይ 10 ጆንያ ቡና አስገብቶ ሲቆጥር፣ በዚያችው ቅጽበት ሌላው ፍተሻ ያንኑ መዝገብ ባዶ ቢያደርገው፣ የመጀመሪያው ያለ ጥፋቱ ይወድቃል። ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ ገጽ ላይ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ሲፍቅ እንደ ማለት ነው። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ የፍተሻ ክፍል የራሱን መዝገብ፣ የራሱን ጊዜያዊ ፋይልና የራሱን የደረሰኝ ቁጥር መስጠት ነው። አድካሚ ሥራ ቢሆንም፣ ተጨማሪ ሰርቨር ከመግዛት በፊት ገንዘቡ ለዚህ ቢወጣ ይሻላል።

ብዙዎች ግን አቋራጩን ይመርጣሉ፤ የወደቀውን ፍተሻ እስኪያልፍ ድረስ ይደጋግሙታል። ጉግል በ2016 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጸው፣ ከፍተሻዎቹ 16 ከመቶ ያህሉ ፕሮግራሙ ሳይለወጥ አንድ ጊዜ የሚያልፉ ሌላ ጊዜ የሚወድቁ ነበሩ። እንዲህ ያለ ታላቅ ድርጅት ካጋጠመው ችግሩ የሰነፍ ሠሪ ብቻ አይደለም፤ ዝም ብሎ መደጋገሙ ግን ስንፍና ነው። ምክንያቱም ጎን ለጎን ሲካሄድ የወደቀው ፍተሻ አንዳንድ ጊዜ የሚያሳየው የመሞከሪያውን ሳይሆን የፕሮግራሙን የራሱን ጉድለት ነው። ሱቅ ውስጥ ያሉት ሁለት ገንዘብ ተቀባዮች ተራ እየጠበቁ አይሸጡም፤ በአንድ ቅጽበት ሲሸጡ መጋዘን ውስጥ የቀረችውን አንዲት ካርቶን ፕሮግራሙ ለሁለት ደንበኞች የሸጣት እንደ ሆነ፣ ቅር የተሰኘውን ደንበኛ ፊት ለፊት የሚያነጋግረው ባለ ሱቁ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን የሚረከብ ነጋዴ፣ ከወደቁት ፍተሻዎች ስንቱ በመደጋገም ብቻ እንዳለፉና ምክንያታቸው ተመርምሮ እንደ ሆነ በጽሑፍ እንዲቀርብለት ሊጠይቅ ይገባዋል።