ከብትን ከሩቅ ሆኖ ስለ ማከም

የገበሬ ሀብቱ ከብቱ እንደ ሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የገባው የከብት በሽታ በሬዎቹን በፈጀ ጊዜ እርሻው ጾሙን አድሮ፣ ሕዝቡ በክፉ ቀን ረኀብ መጐዳቱን ታሪክ ይመሰክራል።

ዛሬ ከሐኪም ርቆ የሚኖር ባለከብት የበሽታውን ምልክት በቴሌፎን ነግሮ፣ ምስሉንም አሳይቶ ምክር ለማግኘት ይችላል። ይህ መልካም ጥበብ ነው፤ ነገር ግን መምከርና መድኃኒት ማዘዝ አንድ አይደሉም። ከሩቅ ያለ ሐኪም የታመመችውን ላም ሳንባ አያዳምጥም፤ ትኩሳቷንም አይለካም። በግምት የታዘዘ አንቲባዮቲክ ተሐዋስያኑ መድኃኒቱን እንዲለምዱ ያደርጋል፤ ቅሪቱም በወተትና በሥጋ ወደ ሰው ይደርሳል።

ስለዚህ የእንግሊዝ የእንስሳት ሐኪሞች ኮሌጅ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ልዩ ምክንያት ካልገጠመ በቀር፣ ሐኪሙ እንስሳውን በእጁ ሳይመረምር፣ የእርባታ መንጋም ቢሆን ስፍራውንና ጤንነቱን በቅርብ ሳያውቅ አንቲባዮቲክ እንዳያዝዝ ደነገገ። የአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛትም ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቪዲዮ መመርመርን ሲፈቅድ፣ እንዲህ ያለው መድኃኒት ከ14 ቀን በላይ እንዳይታዘዝ ወሰነ።

የእንግሊዙን ሥርዓት እንዳለ ወስደን በቈላ አርብቶ አደር ላይ ብንጭነው፣ ሐኪሙን አጥቶ መድኃኒቱን ከገበያ ቸርቻሪ ለመግዛት ይገደዳል። ስለ ሆነም ሕጋችን ምክርን ሳይከለክል፣ የሚያዝዘው ሐኪም ፈቃዱ የታወቀ እንዲሆን፣ በቀበሌው ያለ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከብቱን በእጁ ዳስሶ እንዲያስረዳው፣ ትእዛዙም በመዝገብ እንዲጻፍ፣ ወተቱና ሥጋው ከምግብ የሚከለከልበት ቀንም ለባለከብቱ እንዲነገር ሊያስገድድ ይገባዋል። ሐኪሙ ቢርቅም ኀላፊነቱ ሊርቅ አይገባም።