ሕግ ሁለት ልሳን አይኑረው

ሕግና ፖለቲካ በአንድ መንግሥት ቤት የሚኖሩ ሁለት ባልንጀሮች ናቸው። ፖለቲካ ሕግን ያወጣል፤ ሕግም ከወጣ በኋላ ያወጣውን ፖለቲካ መልሶ ይዳኛል። የሚያከራክረው ግን ከሁለቱ የበላይ ማን ነው የሚለው ነገር ነው። የኦስትሪያው ሊቅ ሐንስ ኬልሰን መንግሥትና የሕግ ሥርዓት አንድ ናቸውና ከሕግ ውጭ መንግሥት የለም ሲል፥ የጀርመኑ ካርል ሽሚት ግን በጭንቅ ቀን ሕግ ዝም ስለሚል ያን ጊዜ ቈራጭ የሆነው እርሱ የበላይ ነው ብሎ ተሟገተ።

ይህን ክርክር ለመመርመር ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ውርጌሳ ከመድረሱ በፊት ውጫሌን ያልፋል። በዚያ ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያ መልእክተኛ ከኮንት አንቶኔሊ ጋራ የወዳጅነት ውል ተዋዋሉ። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች ነገሥታት ጋራ ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ አጋዥነት ለመጠቀም እንዲቻላቸው ፈቀደ፤ የኢጣልያንኛው ግን ፈቃዱን ወደ ግዴታ ለወጠው። ሁለቱም ጽሑፎች እኩል እንዲታመኑ በዚያው ውል ታዝዞ ነበር። ኢጣልያም በዚህች አንዲት ቃል ተመክታ በ1882 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንደ ሆነች ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ይህ ፖለቲካ የሕግን ልብስ ለብሶ የመጣበት ቀን ነበር።

ምኒልክ ወዲያው ጦር አላነሡም፤ አስቀድመው በቃል ተሟገቱ። በመስከረም 1883 ዓ.ም. የአማርኛው ቃል እንደዚያ እንደማይል ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጻፉ፤ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ። ክርክሩ አልሰማ ባለ ጊዜ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ተፈረደ። ከድሉም በኋላ ነገሩ በጦር አልተዘጋም፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተጻፈ ውል የውጫሌው ተሽሮ የኢትዮጵያ ፍጹም ነጻነት ታወቀ። እንግዲህ ኀይል የሌለው ሕግ ሰሚ ያጣል፤ ሕግ የሌለው ኀይልም ድሉን የሚያጸናበት ማኅተም ያጣል።

በአገር ውስጥም ትምህርቱ ይኸው ነው። በ1923፣ በ1948፣ በ1979 እና በ1987 ዓ.ም. አራት ሕገ መንግሥቶች ጸድቀዋል፤ የ1948ቱና የ1979ኙ ካመጣቸው ፖለቲካ ጋራ ወደቁ። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚሆኑ የቀድሞ ሹማምንትና መኳንንት በዳኛ ፊት ሳይቀርቡ በተገደሉ ጊዜ፥ ሥልጣን ብቻውን ለባለሥልጣን እንኳ መጠጊያ እንደማይሆን ታየ። ፍትሐ ነገሥት በ44ኛው አንቀጽ ስለ ነገሥታት መጻፉ ንጉሥም በመጽሐፍ እንዲዳኝ ነውና፥ ይህ ነገር ለሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን አዲስ አይደለም።

የዛሬው ሹም ግን ከውጫሌ የሚማረው ሌላም ነገር አለ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያለፈበት የውርጌሳ ባላገር ስለ መሬቱ፣ ስለ ግብሩ ወይም ስለ ልጁ ለመጠየቅ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሲገባ፥ ሕጉን የሚያውቀው በሹሙ አፍ ነው። ሹሙ ለበላዩ የሚያነበው አንድ ቃል፣ ለባላገሩ የሚያነበው ሌላ ቃል ከሆነ፥ 17ኛው አንቀጽ በገዛ አገሩ ተመልሶ ተጻፈ ማለት ነው። የባዕድን ሁለት ልሳን በደም ያስተካከለ ሕዝብ፥ የራሱን ሹም ሁለት ልሳን በእንባ ሊያስተካክል አይገባውም።