ቤትህ ስንት ወንበር አለ?

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ኪኒን አይደለም፣ ስለ ወንበር ነው። አትሳቁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ወጣት ሊታከም መጣ (ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር ትቼዋለሁ)። ዕድሜው ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው፣ ጥሩ ሥራ አለው፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። እንቅልፍ እምቢ ብሎታል፣ ልቡ ይመታበታል፣ ምግብ አያሰኘውም። ኢሲጂ አነሳነው፣ ደም፣ ስኳር፣ ታይሮይድ አየን፤ ሁሉም ደህና ነው። በሦስተኛው ቀጠሮ ወረቀቱን አስቀምጬ፣

"ቤትህ ስንት ወንበር አለ?" አልኩት።

"አንድ ነዋ ዶክተር፣ እኔ አንድ ሰው አይደለሁ እንዴ!" ብሎ ሳቀ።

"ለመጨረሻ ጊዜ ሰው ቤትህ የመጣው መቼ ነው?"

ሳቁ ቆመ። አሰብ አድርጎ፣ "ለፋሲካ... ያለፈው ሳይሆን የዛን በፊቱ" አለኝ።

ይህን የምጽፈው እሱ ብቻውን ስላልሆነ ነው። ብዙ ወንደላጤ ቤቱን እንደ መናኸሪያ ነው የሚያየው። ፍራሽ መሬት ላይ፣ ልብስ ሻንጣ ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ በምስማር የተወጠረ አንሶላ። "ምን ያደርጋል፣ ሳገባ እገዛዋለሁ" ይላል። እስከዚያው ቤቱ ስለሚያሳፍረው ሰው አይጠራም፤ ሰው ስለማይመጣ ደግሞ ቤቱን የሚያስተካክልበት ምክንያት አያገኝም። እንዲህ እየተሽከረከረ አምስት ዓመት ይሄዳል።

ልብ በሉ፣ ብቻ መኖር በሽታ አይደለም። ብቻውን እየኖረ ደስተኛ የሆነ ሞልቷል፤ ቤተሰብ መሀል ሆኖም ብቸኝነት የሚሰማው አለ። የሚጎዳው ሰው ማጣቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት ከ6 ሰው አንዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃ፣ በዓመት ከ871,000 በላይ ሞትም ከዚሁ ጋር እንደሚያያዝ ገምቷል። ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክ፣ ለስኳርና ለድብርት ተጋላጭነትን ይጨምራል። አባቶቻችን "የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው" ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

"ታዲያ አግባ በለዋ!" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ትዳር የብቸኝነት ኪኒን ተደርጎ አይታዘዝም። ሰው መቀበል ያልለመደ ቤት ሚስት ስለገባች ብቻ አይሞቅም። ቤትህን ዛሬ፣ ለራስህና ለወዳጆችህ ብለህ ኑርበት ነው የምለው።

ምን እናድርግ?

1. መቀመጫ ጨምሩ። ሶፋ አላልኩም! ሾላ ገበያ ወርዳችሁ ሁለት ዱካ ግዙ። አከራያችሁ "ግድግዳዬ ላይ ምስማር እንዳትመታ" ቢል እንኳ ምንጣፍ፣ መጋረጃና አንድ ማሰሮ አበባ ምስማር አይፈልጉም፤ ቤት ስትቀይሩም አብረዋችሁ ይሄዳሉ።

2. ጀበናና ስድስት ስኒ ይኑራችሁ። ቡና ማፍላት የሴት ሥራ ነው የሚለውን እንተወው። ግን አደራ፦ በር ዘግታችሁ ከሰል አታቀጣጥሉ፣ ለሙቀት ብላችሁም አጠገባችሁ አድርጋችሁ አትተኙ። የእንጦጦ ብርድ ሲወርድ ይህ ስህተት ይበዛል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ይገድላል። ብቻውን የሚኖርን ሰው ደግሞ ማን ይቀሰቅሰዋል?

3. ቀን መጋረጃ ክፈቱ። የጠዋት ብርሃን ማታ እንቅልፍ በሰዓቱ እንዲመጣ ያግዛል፣ አየር ሲገባ ደግሞ እርጥበትና ሻጋታ ይቀንሳል። ማታ መብራቱን ደብዘዝ አድርጉ፣ ስልኩን ከአልጋ አርቁ።

4. ትርፍ ቁልፍ ለምታምኑት ሰው ስጡ። በተለይ ስኳር፣ የሚጥል በሽታ ወይም አስም ያለባችሁ! ሌሊት ስኳር ወርዶ ራሱን የሳተ ሰው ተነስቶ በር መክፈት አይችልም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለዚህ ነው።

5. የሰፈሩን እድር ጠይቁ። "እኔ ተከራይ ነኝ፣ ላጤ ነኝ" አትበሉ። እድር ለቀብር ብቻ አይደለም፣ ስማችሁን የሚያውቅ ሰው የምታገኙበት ነው። ቤት ሰው መጥራት የሚያስፈራችሁ ደግሞ ከውጭ ጀምሩ፤ ቅዳሜ ጠዋት አንድ የሥራ ባልደረባ ይዛችሁ እንጦጦ ወክ አድርጉ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሐዘን፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ምንም ነገር አለማስደሰት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ዱካ መግዛት አይበቃም። ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፣ ለምትቀርቡት ሰውም ተናገሩ። ድብርት ይታከማል።

ያ ወጣት በቀደም ለቀጠሮው መጥቶ ነበር። ሁለት ዱካ ገዝቷል። መጀመሪያ ቡና የጠራው የብሎኩን ጥበቃ ነው፤ ለሁለት ዓመት በእጅ ሰላምታ ብቻ የሚያልፋቸውን አባት። ጋሼም "እኔ እኮ የምትኖርበት አይመስለኝም ነበር፣ ለማደር ብቻ የምትመጣ ነበር የመሰለኝ" አሉት። እንቅልፉ ሙሉ በሙሉ አልተስተካከለም፣ ክትትሉንም አላቋረጥንም። ግን አሁን አንድ ቀን ባይወጣ በሩን የሚያንኳኳ ሰው አለ።

እናንተስ ቤት ስንት ወንበር አለ? ብቻውን ለሚኖር ወንድማችሁ ይህን ሼር አድርጉለት፤ ከቻላችሁ ደግሞ ሼር ከማድረግ ሄዳችሁ አንኳኩለት።

መልካም ጤንነት!