ፊዚክስ፣ ሥነ ፈለክ ወይስ የኃይል ምሕንድስና? በሪያድ የሚመረጠው ሁለተኛ ዲግሪ ነገ የት ያገለግላል?

ከሪያድ ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የሱደይር አካባቢ በሁለት ነገሮች ይታወቃል። አንደኛው በሐውጣ ሱደይር ያለው የመጅመዓ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ መመልከቻ ነው። የረመዳንና የሸዋል ጨረቃ በሚጠበቅበት ምሽት፣ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ የብዙ ሙስሊሞች ጆሮ ወደዚያ ያዘነብላል። ሁለተኛው 1,500 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የሱደይር የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ነው። በአንድ አካባቢ አንዱ ጨረቃን ይጠብቃል፣ ሌላው ከፀሐይ መብራት ያወጣል። የሁለቱም ሥራ መሠረቱ ፊዚክስ ነው።

በሳዑዲ ዓረቢያ ያደጉ ወይም የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በኢትዮጵያ አጠናቅቀው የመጡ አማርኛ ተናጋሪ ወጣቶች ለድኅረ ምረቃ ሲያመለክቱ ከእነዚህ ሦስት ዘርፎች የቱን እንደሚመርጡ ይጨነቃሉ። ጭንቀቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለት ዓመት የሚጠይቅ ትምህርት የቤተሰብን ጥሪት ይነካል። የውጭ አገር ዜጋ ደግሞ ኖሮ የሚሠራው በኢቃማ ስለሆነ፣ ዲግሪው ሲያልቅ እዚሁ ሥራ እንደሚያገኝ ማንም ዋስትና አይሰጠውም። ስለዚህ ምርጫው ዛሬ በሪያድ የሚፈለገውን ብቻ ሳይሆን፣ ነገ ወደ ሌላ አገር ሊሻገር የሚችለውንም ዕውቀት መመዘን አለበት።

በገበያው በኩል ሲታይ የኃይል ምሕንድስና ሚዛን ይደፋል። ሳዑዲ ዓረቢያ እስከ 2030 ድረስ ግማሽ ያህሉን የኤሌክትሪክ ኃይሏን ከታዳሽ ምንጮች ለማግኘት ዐቅዳለች። ጥረቱ ግን በራእይ 2030 የተጀመረ አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በሪያድ አቅራቢያ በዑየይና የተተከለው የፀሐይ መንደር 350 ኪሎ ዋት ብቻ ያመነጭ ነበር። የሱደይር ማመንጫ ዐቅም ከዚያ ከ4 ሺህ እጥፍ በላይ ይበልጣል። በሁለቱ መካከል የአርባ ዓመት ገደማ የምርምር ዘመን አለ።

ይሁን እንጂ የኃይል ምሕንድስናን ከፊዚክስ ለይቶ ማየት ያሳስታል። የሲሊኮን ሰሌዳ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ፣ በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ኃይል ይቀንሳል። በሪያድ በጋ የሰሌዳው ሙቀት 65 ዲግሪ ቢደርስ፣ 16 በመቶ ያህሉ ኃይል ይጠፋል ማለት ነው። አቧራው ሲጨመር ጉዳቱ ይብሳል። ይህን የሚፈታው ሰው ሰሌዳ ከመግጠም አልፎ የቁስ አካልን፣ የብርሃንንና የሙቀትን ጠባይ የሚያውቅ መሆን አለበት። በዚህ ረገድ በፊዚክስ ጠንካራ መሠረት ያለው ተማሪ ወደ ኃይል ዘርፍ መሻገር ይቀለዋል። ከተግባራዊ ምሕንድስና ወደ ጥልቅ ፊዚክስ መመለስ ግን ይከብዳል።

ሥነ ፈለክ በሦስቱ መካከል በብዛት የሚታለፍ ዘርፍ ነው። «ከዋክብት ቆጥሮ ማን እንጀራ በላ?» የሚሉ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። የሙስሊሙ ኅብረተሰብ የዕለት ኑሮ ግን ያለዚህ ዕውቀት አይሄድም፤ የሰላት ሰዓት፣ የቂብላ አቅጣጫና የወራት መባቻ ሁሉ ስሌት ይሻሉ። የኡሙል ቁራ የዘመን መቁጠሪያ የጨረቃንና የፀሐይን መገናኛ፣ እንዲሁም በመካ የሁለቱን መጥለቂያ በማስላት ይዘጋጃል። ረመዳን ሲደርስ ደግሞ የዓይን ምስክርነቱን ተቀብሎ የሚወስነው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው። ስሌቱን የሚያውቅ ባለሙያ ለሁለቱም ወገን ያስፈልጋል።

የዘርፉ ችግር የመሣሪያና የሥራ ቦታ ማነስ ነው። በኢትዮጵያ በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። አገሪቱ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ከቻይና አምጥቃለች። ይህ በር መከፈቱን ቢያሳይም፣ በሩ ጠባብ ነው። ስለዚህ ሥነ ፈለክን የሚመርጥ ተማሪ ከምልከታው ጋር የኮምፒውተር ፕሮግራምን፣ የመረጃ ትንተናንና የሳተላይት ምስል ንባብን አጣምሮ ቢይዝ ይበጀዋል። እነዚህ ሙያዎች ከቴሌስኮፕ ውጭም እንጀራ ይሆናሉ።

ለተማሪው የሚበጀው ሌላው ጥያቄ «የቱ ተቋም?» የሚለው ነው። በ1957 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የሪያዱ ንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስንና ሥነ ፈለክን በአንድ የትምህርት ክፍል ሥር ይዟል። ይህም ምርጫውን በቶሎ ማጥበብ ላልፈለገ ተማሪ ያመቻል። ከሪያድ ውጭ ለመሄድ የሚችል ደግሞ በዘህራን የሚገኘውን የንጉሥ ፈህድ የነዳጅና ማዕድናት ዩኒቨርሲቲንና በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በሱወል ያለውን የንጉሥ ዐብደላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲን ያወዳድራል። የኋለኛው ለተቀበላቸው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የትምህርት ወጪያቸውን ይሸፍናል፤ የኑሮ ድጎማም ይሰጣል። ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ ግን አማካሪ መምህሩ ምን እንደሚመራመር፣ ቤተ ሙከራው ምን መሣሪያ እንዳለው አስቀድሞ መጠየቅ ይበልጥ ይጠቅማል።

ብዙዎች ዘግይተው የሚደርሱበት ሌላም ጉዳይ አለ። በሳዑዲ ዓረቢያ በመሐንዲስነት ለመሥራት በሳዑዲ መሐንዲሶች ምክር ቤት መመዝገብ ግዴታ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪው በፊዚክስ ሆኖ በኃይል ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪ የሚይዝ ሰው በየትኛው የሙያ መደብ እንደሚመዘገብ ከመጀመሩ በፊት ምክር ቤቱን ይጠይቅ። ሥራዎችን ለአገሬው ዜጎች የማስያዙ መመሪያም በምሕንድስና ሙያዎች ላይ ተግባራዊ ይሆናል። ወደ አገሩ ለመመለስ የሚያስብ ደግሞ የውጭ ዲግሪን አቻ ግምት የሚሰጠው የኢትዮጵያ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚጠይቀውን ሰነድ ከሪያድ ሳይወጣ ያሟላ።

ኢትዮጵያ በበኩሏ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለውን ታላቁን የህዳሴ ግድብ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ መርቃለች። የአዳማና የአሸጎዳ የነፋስ ማመንጫዎችም ከተተከሉ ዓመታት አልፈዋል። ማመንጨቱ ካለ ማስተላለፉ፣ ማከማቸቱና መጠገኑ ባለሙያ ይሻል። ቀዝቃዛው የኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ ሰሌዳን እንደ ሪያድ በረሃ አያሞቀውም። በሪያድ የተማረውን ስሌት ለዚያ አየር ማስማማት ራሱን የቻለ የምርምር ርእስ ነው።

ሲጠቃለል፣ አፋጣኝ ሥራ ግድ የሚለው የምሕንድስና ምሩቅ የኃይል ምሕንድስናን ቢመርጥ አይሳሳትም። የፊዚክስ ምሩቅ ግን መሠረቱን ሳይለቅ የመመረቂያ ጽሑፉን በፀሐይ ሰሌዳ፣ በባትሪ ወይም በከባቢ አየር ላይ ቢያደርግ ሁለት በር ይከፈትለታል። ወደ ሥነ ፈለክ ልቡ ያዘነበለ ወጣትም በፊዚክስ ክፍል ውስጥ ሆኖ ሊከተለው ይችላል። ኢቃማ ጊዜው ሲያልፍ ይመለሳል፤ በሚገባ የተማሩት ፊዚክስ ግን ድንበር ላይ የሚነጥቀው የለም።